ጠባብ ቦታና የብርሃን ሕግ

በከተማ መካከል፣ ግራና ቀኙ በጎረቤት ግድግዳ የተያዘ ጠባብ ቦታ የደረሰው ሰው ቤት ሊያሠራ በተነሣ ጊዜ አስቀድሞ የሚያዝነው ስለ ወርዱ ማነስ ነው፤ ነገሩን በጥሞና ለመረመረ ግን እንዲህ ያለውን ቤት የሚያስጨንቀው የወርዱ ማነስ ሳይሆን ወደ ውስጥ መርዘሙ ሆኖ ይገኛል። ብርሃን በመስኮት ገብቶ ወደ ውስጥ በራቀ መጠን ኃይሉ ፈጥኖ ይደክማልና፤ ሐናጽያን በልማድ እንደሚገምቱት፣ ለንባብና ለሥራ በሚበቃ መጠን የሚዘልቀው ከወለሉ እስከ መስኮቱ አናት ያለውን ከፍታ ሁለት እጥፍ ያህል ወይም ጥቂት አለፍ ብሎ ነው። ስለዚህ ርዝመቱ 14 ሜትር ሆኖ መስኮት ከፊትና ከኋላ ብቻ የተከፈተለት ቤት፣ መካከሉ በቀትር እንኳ መብራት የሚሻ ጨለማ ይሆናል።

ይህን ችግር ድል ለመንሣት ከተደረገው ጥረት ሁሉ እኔ አብልጬ የማደንቀው፣ ጥበቡን በዩኒቨርሲቲ ሳይሆን በገዛ ትጋቱ ያጠናው ጃፓናዊው የሥነ ሕንፃ ሊቅ ታዳኦ አንዶ፣ በኦሳካ ከተማ በሱሚዮሺ ሰፈር አንጾ እ.ኤ.አ. በ1976 የፈጸመውን ትንሽ ቤት ነው። ቦታው 57 ካሬ ሜትር ያህል፣ የቤቱም ርዝመት 14 ሜትር ያህል፣ ወርዱም ከ4 ሜትር ያነሰ ሆኖ ሳለ፣ እርሱ ከአርማታ የታነጸውን ባለ አንድ ፎቅ ቤት በሦስት እኩል ከፍሎ መካከለኛውን ሢሶ ጣራ ሳያለብስ ግቢ አድርጎ ለሰማይ ተወው። ቦታ ለጠበበው ሰው ሢሶውን መተው ኪሳራ ይመስላል፤ ነገር ግን 14 ሜትሩ ለሦስት ሲካፈል የእያንዳንዱ ክፍል ርዝመት ከ5 ሜትር ያንሳል፤ ክፍሎቹም ወደ ግቢው በሰፊ መስተዋት ስለ ተከፈቱ፣ በመንገዱ በኩል ከበሩ በቀር መስኮት በሌለው በዚያ ቤት ብርሃኑ እስከ መጨረሻው ግድግዳ ይደርሳል።

ግቢው ለአየርም ይጠቅማል፤ አየር ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲሰፋም ይቀላልና፣ በክፍሎቹ የሞቀው በግቢው በኩል ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው በፋንታው ይገባል። የጥንት የኪዮቶ ነጋዴዎችም በጠባብና ረዣዥም ቤቶቻቸው መካከል ትንሽ የአትክልት ቦታ ትተው፣ በሙቀት ወራት ውሃ ይረጩበት ነበር፤ ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳልና።

ይህ በረከት ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም፤ የአንዶ ቤት ነዋሪ በዝናብ ቀን ከመኝታው ወደ መጸዳጃ ለመውረድ በግቢው ስለሚያልፍ ጃንጥላ ይሻል፣ አርማታውም የክረምቱን ብርድ ይዞ ይቆያል። የጃፓን የሥነ ሕንፃ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1979 ቢሸልመውም ብዙዎች ነቅፈውታል፤ እኔ ግን ነቀፋው ጣራ ለሌለው መተላለፊያ እንጂ ለግቢው አይገባም እላለሁ፤ በአንድ ወገን ጠባብ ጣራ ቢዘረጋ ከብርሃኑ የሚወስደው ጥቂት ነውና። ይልቅስ መጠንቀቅ የሚገባው ስለ ግቢው ስፋት ነው፤ ቤቱ ከፍ ባለ ቁጥር ከታችኛው መስኮት የሚታየው ሰማይ ይጠባል፣ ብርሃኑም በዚያው ልክ ያንሳል፤ የግቢውን ግድግዳ ነጭ ቀለም መቀባትም ብዙ ይረዳል።

እንግዲህ በጠባብ ቦታ ቤት ለማሠራት ያሰባችሁ ሁሉ፣ የክፍሎቹን ቁጥር ከመወሰናችሁ በፊት፣ ሰማይን የሚያየው ሥፍራ የት እንደሚሆን ከሐናጺያችሁ ጋር ምከሩ።