የልብ ምቱ የት ጠፋ?

የእንጦጦን ዳገት የሮጠ ሰው የሩጫውን መዝገብ ከስትራቫ ወይም ከጋርሚን ኮኔክት ሲያወርድ፣ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ጂፒኤክስ የሚባል ፋይል ነው። በኤክስኤምኤል የተጻፈ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ማንም ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። ሯጩ ያለፈበት እያንዳንዱ ነጥብ ከነኬክሮሱ፣ ከነኬንትሮሱ፣ ከነከፍታውና ከነሰዓቱ ተመዝግቧል። ተራራው አናት ላይ የከፍታው ቁጥር ከ3,000 ሜትር ያልፋል።

ዛሬም የሚሠራበት የጂፒኤክስ እትም በ2004 ሲወጣ ለልብ ምት ቦታ አልነበረውም። አዘጋጆቹ ግን «ኤክስቴንሽንስ» የሚባል ክፍት ክፍል ተዉ፤ ወደዚያ የሚገባ ነገር ሁሉ የራሱን ኔምስፔስ (የስሙን ባለቤት የሚለይ መለያ) ይዞ እንዲመጣ ደነገጉ። ጋርሚን በዚያ ክፍል የልብ ምትን (ኤችአር)፣ የእርምጃ ፍጥነትንና የአየር ሙቀትን አስገባ። ደረት ላይ የሚታሰረው የልብ ምት መለኪያ የላከው ቁጥር የሚቀመጠው እዚያ ነው።

ኔምስፔስ ለምን አስፈለገ? አንዱ ኩባንያ «ሙቀት» ብሎ የአየሩን፣ ሌላው የባትሪውን ሊጽፍ ይችላላ! የታክሲ ረዳት «ሚካኤል!» ብቻ ብሎ ቢጣራ ተሳፋሪው የቱ ሚካኤል እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም፤ «የካ ሚካኤል» ሲባል ነው ነገሩ የሚለየው።

ዓለም አቀፉ የድር ጥምረት፣ ደብሊውስሪሲ፣ ደንቡን ያጸደቀው በጥር 1999 ነው። በደንቡ መሠረት የኔምስፔስ ስም አብዛኛውን ጊዜ የድረ ገጽ አድራሻ ይመስላል፤ የአንድ ድረ ገጽ ስም ባለቤት አንድ ብቻ ስለሆነ ግጭት አይፈጠርም። ፕሮግራሙ ወደ አድራሻው አይሄድም፤ እዚያ ምንም ገጽ ባይኖርም ግድ የለውም። ረጅሙን አድራሻ በየመስመሩ መጻፍ ስለሚያሰለች ፋይሉ መግቢያ ላይ አጭር ፕሪፊክስ ይሰጠዋል።

ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ነው። ለዚያው የጋርሚን አድራሻ ስትራቫ «ጂፒኤክስቲፒኤክስ» የሚል ፕሪፊክስ ሲሰጥ፣ ጋርሚን ኮኔክት ራሱ «ኤንኤስ3» ይለዋል። ደንቡን ለሚያውቅ አንባቢ ሁለቱ አንድ ናቸው። ፕሪፊክሱን እንደ ተራ ፊደል የሚፈልግ ፕሮግራም ግን የልብ ምቱን በአንደኛው ፋይል አግኝቶ በሌላኛው ያጣዋል። የስህተት መልእክትም ላይመጣ ይችላል፤ ግራፉ ባዶ ሆኖ ይቀራል። በእኔ ግምት በኤክስኤምኤል ላይ ከሚሰማው ሮሮ ብዙው የዚህ አቋራጭ ውጤት ነው።

የሶፍትዌር ኮንፊገሬሽን ፋይልም በዚሁ ሕግ ይተዳደራል። የአንድሮይድ ገጽ በኤክስኤምኤል ሲዘጋጅ የአንዲት አዝራር ፓራሜትሮች ከተለያየ ባለቤት ይመጣሉ፦ «አንድሮይድ» የሚል ፕሪፊክስ ያላቸው የስርዓቱ፣ «አፕ» የሚሉት የተጨማሪ ላይብረሪዎች ወይም የመተግበሪያው፣ «ቱልስ» የሚሉት ደግሞ ለአልሚው ብቻ የተጻፉ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ መተግበሪያው ሲገነባ ይወገዳሉ። በጃቫው ዓለም ስፕሪንግ የተባለው ማዕቀፍ በ2006 ባወጣው ሁለተኛ እትሙ «ፒ» የሚል ኔምስፔስ አምጥቶ የኮምፖነንትን ፓራሜትር በአንድ መስመር መጻፍ አስችሏል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛ፣ ለፋይሉ በጠቅላላ የታወጀ ኔምስፔስ ፕሪፊክስ የሌላቸውን ኤለመንቶች ይሸፍናል እንጂ ፓራሜትሮች የሚጻፉባቸውን አትሪቢዩቶች አይነካም። ፕሪፊክሱ የተረሳ ፓራሜትር የማንም ስላልሆነ ኮምፖነንቱ አያየውም። ሁለተኛ፣ አድራሻው የሚመዘነው ፊደል በፊደል ነው። ለደኅንነት አስቦ መነሻውን «ኤችቲቲፒ» ወደ «ኤችቲቲፒኤስ» የቀየረ ትጉ አልሚ ሌላ ኔምስፔስ ፈጠረ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ፋይል የሚያነብ ፕሮግራም ከጻፉ፣ ፕሪፊክሱን ትተው በአድራሻው ይጠይቁ። በፓይተኑ ኤለመንትትሪ አድራሻው በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ይገባል፣ «ኤችአር» ይከተለዋል፤ የስትራቫውም የጋርሚኑም የልብ ምት በአንድ ኮድ ይነበባል።