መንደርደሪያውን ያለፈ የጭነት አውሮፕላን፦ ተረትና እውነታ

የጭነት አውሮፕላን ሲያርፍ መንደርደሪያውን ጨርሶ ሜዳ ገባ በተባለ ቁጥር ምርመራው ሳይጀመር ብዙ መላ ምት ይወራል። የጎጃሟ ደብረ ማርቆስ ማረፍን በሚያከብድ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናትና ጉዳዩ የጎጃምን ሰው በቅርብ ይመለከተዋል። ብዙ ጊዜ የሚባሉትን አምስት ነገሮች ከእውነታው ጋር እናስተያያቸው።

ተረት 1፦ «ጭነት በዝቶበት ነው።»

እውነታው፦ ክብደት ለመቆም የሚያስፈልገውን ርቀት ያስረዝማል፤ አውሮፕላን ግን ባዶውንም መንደርደሪያ ያልፋል። ጥቅምት 28 ቀን 2011 ዓ.ም. ካናዳ ውስጥ ሃሊፋክስ ላይ ያረፈው ቦይንግ 747 የጭነት አውሮፕላን ከቺካጎ የመጣው ያለ ጭነት ነበር። መንደርደሪያው እርጥብ ነበር፤ ነፋሱም ከኋላ ይገፋው ነበር። ከጫፉ 166 ሜትር አልፎ ቆመ።

ተረት 2፦ «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው።»

እውነታው፦ ፍሬን አጥብቆ የሚይዘው የአውሮፕላኑ ክብደት ጎማው ላይ ሲያርፍ ነው። ለዚህም ሲባል ጎማው መሬት እንደነካ በክንፉ ጀርባ ያሉ ሰሌዳዎች ብድግ ብለው ክንፉ አውሮፕላኑን ማንሳቱን ያስተዉታል። በሃሊፋክስ አንደኛው የሞተር እጀታ ሳይታወቅ ወደ ፊት በመገፋቱ ሰሌዳዎቹ ተመልሰው ተኙ፤ አውቶማቲክ ፍሬኑም ለቀቀ። የአንድ እጀታ ትንሽ ንቅናቄ ያን ሁሉ አስከተለ።

ተረት 3፦ «ደጋ ቀዝቃዛ ስለሆነ ለማረፍ ይመቻል።»

እውነታው፦ ቅዝቃዜው ይረዳል፤ የከፍታው ጫና ግን ይበልጣል። በደብረ ማርቆስ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። አንድ አውሮፕላን በተመሳሳይ ክብደት፣ የፍጥነት መለኪያው ያንኑ ቁጥር እያሳየ፣ እዚህ መሬት የሚነካው ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚነካበት ፍጥነት ከ12 በመቶ በላይ ጨምሮ ነው። በዚህ የተነሳ ፍሬኑ የሚታገለው ጉልበት ከሩብ በላይ ያድጋል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ቦሌም 3,800 ሜትር የሚረዝም መንደርደሪያ አለው።

ተረት 4፦ «ሊያርፍ ሲል ተመልሶ የተነሳ አብራሪ ሙያ የለውም።»

እውነታው፦ ተመልሶ መነሳት የሙያው ዋና ክፍል ነው። ግንቦት 25 ቀን 2004 ዓ.ም. ከሌጎስ የተነሳ የአላይድ ኤር ቦይንግ 727 የጭነት አውሮፕላን አክራ ላይ መንደርደሪያውን አልፎ፣ አጥር ጥሶ፣ መንገድ ላይ ሚኒባስ መታ። አራቱ የበረራ ሠራተኞች ተረፉ፤ በምድር የነበሩ 12 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎቹ በዋና ምክንያትነት ያስቀመጡት ማረፉን ትቶ መነሳት ሲገባ እንዲቀጥል መወሰኑን ነው። የዓባይን በረሃ የሚወርድ ሾፌር ከባድ ማርሽ የሚያስገባው ቁልቁለቱን ሳይጀምር ነው፤ አብራሪም ጎማው መሬት ሳይነካ መወሰን አለበት። አውሮፕላንዎ ሊያርፍ ሲል ተመልሶ ከተነሳ፣ አብራሪው ሕይወትዎን እየጠበቀ መሆኑን ይወቁ።

ተረት 5፦ «ከመንደርደሪያው ጫፍ ማዶ ያለው ሜዳ የባከነ መሬት ነው።»

እውነታው፦ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ትልልቅ አውሮፕላኖች በሚያርፉበት ቦታ፣ ከመንደርደሪያው ጫፍ ካለው የ60 ሜትር ባዶ ክልል ቀጥሎ ቢያንስ 90 ሜትር የደህንነት ሜዳ እንዲኖር ያዛል፤ 240 ሜትር ቢሆን ይመክራል። አብራሪ ቢሳሳት፣ ዝናብ ቢጥል፣ ነፋስ ቢዞር፣ ሰው የሚተርፈው በዚያ ሜዳ ነው። በአክራ የሞቱት አውሮፕላኑን ያልተሳፈሩ መንገደኞች ነበሩ።

በጎጃም ደጋ መሬት ውድ ነው፤ ጤፍና ስንዴ የሚያበቅል ማሳ መተው ለገበሬው ቀላል አይደለም። ስለዚህ ለባለ መሬቱ ተገቢው ካሳ ይከፈል፤ ከዚያ በኋላ ግን ቤት አይሠራበት፣ መንገድ አይቁረጠው፣ ከብት አይሰማራበት። ስለ አውሮፕላን ማረፊያ ስብሰባ ሲጠራ የመንደርደሪያውን ርዝመት ብቻ ጠይቀን አንመለስ፤ ከጫፉ ማዶ ስንት ሜትር እንደተከለለና ማን እንደሚጠብቀውም እንጠይቅ።