የሞተ የላፕቶፕ ባትሪ፡ በኪሎ ወይስ በፍሬ?

አሮጌ መኪና ገዝቶ፣ በታትኖ፣ ዕቃውን ለየብቻ መሸጥ ለመርካቶ ነጋዴ አዲስ ነገር አይደለም፡፡ ሶማሌ ተራ የሚታወቀው በዚሁ ሥራ ነው፡፡ ሙሉው መኪና የማያወጣውን ዋጋ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና በሩ ተለያይተው ያወጣሉ፡፡ አሮጌ ላፕቶፕም ስሌቱ ያው ነው፡፡ በቁራሌው ወይም በልዋጩ እጅ ገብቶ በሚዛን ሲሸጥ ግን ባትሪው ውስጥ ያለው ገንዘብ ሳይቆጠር አብሮ ይሄዳል፡፡

ጉዳዩ ለነጋዴው ትርጉም ያገኘው በምንዛሪው ምክንያት ነው፡፡ የውጭ ምንዛሪ ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 ብር በላይ ገብቷል፡፡ አዲስ ባትሪ ለማስገባት ዶላር ያስፈልጋል፡፡ ቀድሞ አገር ውስጥ ለገባው አሮጌ ዕቃ ግን የሚጠየቀው የሰው ጊዜ ነው፡፡

ከስድስቱ ስንቱ ደህና ነው?

ባትሪያቸው ከውጭ የሚነቀል አሮጌ ላፕቶፖች ባትሪ ሲከፈት ብዙውን ጊዜ ስድስት ክብ ድንጋዮች ይገኙበታል፡፡ መጠሪያቸው 18650 ሲሆን ቁጥሩ የ18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና የ65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ማለት ነው፡፡ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2008 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያ መኪናው በ6,831 እንዲህ ዓይነት ድንጋዮች ይሠራ ነበር፡፡

ስድስቱ ድንጋዮች ሁለት ሁለት ሆነው በሦስት ረድፍ ይያያዛሉ፡፡ አንዱ ረድፍ ሲደክም መቆጣጠሪያው ሙሉውን ባትሪ ያቆመዋል፤ ባለቤቱም «ሞተ» ብሎ ይጥለዋል፡፡ የቀሩት አራቱ ግን ብዙ ጊዜ አቅም አላቸው፡፡

አዲስ ሳሉ 2,200 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይይዙ የነበሩ አራት ድንጋዮች 1,800 ቢቀራቸው፣ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 26 ዋት ሰዓት ያህል ይሆናል፡፡ ብክነቱ ተቀንሶ ባለ 5 ዋት አምፖል ከ4 ሰዓት በላይ ያበራል፡፡ መብራት በሚጠፋበት ቤት ይህ ለአንድ ምሽት ይበቃል፡፡

ወጪው ያለው ፈተናው ላይ ነው

ቤታቸው አሮጌ ዕቃ እየፈቱ የሚገጣጥሙ ሰዎች እያንዳንዱን ድንጋይ በመጀመሪያ በቴስተር ይለካሉ፡፡ ከ2 ቮልት በታች የወረደውን ይጥላሉ፡፡ የቀረውን እስከ 4.2 ቮልት ሞልተው፣ አቅም በሚለካ ቻርጀር እያፈሰሱ ስንት እንደያዘ ይመዘግባሉ፡፡ ቁጥሩን ከነቀኑ በማርከር ድንጋዩ ላይ ጽፈው፣ እንደገና ሞልተው ሁለት ሳምንት ያህል ያስቀምጡታል፡፡ ሲሞላ የጋለ ወይም ተቀምጦ ሳለ ቮልቱ ጎልቶ የወረደ ድንጋይ አያልፍም፡፡

ለሽያጭ ለሚያስብ ሰው ስሌቱ እዚህ ላይ ይጠብቃል፡፡ 10 ባትሪ የገዛ ሰው 60 ድንጋይ አለው፡፡ ቻርጀሩ በአንድ ጊዜ አራት የሚይዝ ከሆነና በቀን አንድ ዙር ከተሠራ ፈተናው ብቻ 15 ቀን ይፈጃል፡፡ ግማሹ ቢወድቅ ደግሞ የእያንዳንዱ ደህና ድንጋይ መግዣ እጥፍ ሆነ ማለት ነው፡፡ የጊዜው ዋጋ በዚህ ላይ ይጨመራል፡፡

አዲስ ተብሎ የሚሸጠውም ሁሉ አይታመንም፡፡ በዚህ መጠን ድንጋይ ላይ «9,900» ተብሎ የሚታተመው ቁጥር ውሸት ነው፤ ከታወቁ ፋብሪካዎች የሚወጡት ምርጦቹ እንኳ በ3,500 አካባቢ ናቸው፡፡ ስለዚህ በትክክል ተለክቶ 1,800 የያዘ አሮጌ ድንጋይ፣ 9,900 ተብሎ ከተጻፈበት አዲስ ሊበልጥ ይችላል፡፡

እሳቱም አብሮ ይታሰብ

የሊቲየም ድንጋይ ከተበሳ፣ ሁለቱ ጫፎቹ በብረት ከተነካኩ ወይም ከልክ በላይ ከተሞላ በእሳት ሊያያዝ ይችላል፡፡ በሊድ መበየድም ሙቀቱ ይጎዳዋል፡፡ በመሆኑም ሥራውን የሚያውቁት በቀጭን የኒኬል ጥብጣብ በነጥብ ብየዳ ያያይዙታል፡፡ አቅማቸው የተለያየ ድንጋዮችን አይቀላቅሉም፤ ያለ መከላከያ ሰሌዳም አይገጥሙም፡፡ በመጋዘን በብዛት ለሚያከማች ነጋዴ አንድ የተበሳ ድንጋይ የሁሉንም ዕቃ ዋጋ ሊያጠፋ ይችላል፡፡

በቤት ከመሞከር አልፎ አሮጌ ዕቃ በብዛት መሰብሰብ የሚያስብ ሰው፣ ስለ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ የወጣውን ደንብ ቁጥር 425/2010 አስቀድሞ ማየት ይኖርበታል፡፡ ፈተናውን የወደቁት ድንጋዮችም ከቤት ቆሻሻ ጋር የሚጣሉ አይደሉም፤ የማስወገጃ ወጪያቸው ከመግዣው ጋር መደመር አለበት፡፡ ገዢ በበኩሉ ከሻጭ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ የተለካውን አቅምና የተለካበትን ቀን፡፡ ሁለቱን ማሳየት የማይችል ሻጭ ዕቃውን በፍሬ ዋጋ ሊሸጥ አይገባም፤ በኪሎ ሂሳብ ይነጋገር፡፡