በውርጭ ወራት የፍሳሽ ጉድጓድን ክዳን ስለ መድፈን

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ስለ ጉድጓድ የተነገረች አጭር ሕግ አለች። ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድነው የተወ ሰው፥ የባልንጀራው በሬ ወይም አህያ ወድቆ የሞተ እንደ ሆነ ዋጋውን እንዲከፍል ታዝዛለች። ስለዚህ ጉድጓድ ያለው ሰው የክዳኑም ባለ ዕዳ ነው። ዛሬ በከተማ በብዙ ግቢ የሚገኘው ጉድጓድ ሴፕቲክ ታንክ የሚባለው የፍሳሽ ጉድጓድ ነው፤ በላዩም የሚሮጡት ልጆቻችን ናቸው።

የዚህ ዐይነቱ ጉድጓድ አሠራር ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ፈረንሳዊው ዣን ሉዊ ሙራ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1881 ዓ.ም. ለዚህ ሥራ የፈጠራ መብት ተቀብሏል። ከቤት የሚወጣው ፍሳሽ ወደ ውስጥ ሲገባ ከባዱ ወደ ታች ይዘቅጣል፥ ቅባቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፥ መካከለኛው ውሃ ወደ ማስረጊያው ይተላለፋል። የዘቀጠውንም ያለ አየር የሚኖሩ ረቂቃን ተሕዋስያን ያብላሉታል፤ ከዚህም መብላላት ጋዝ ይወጣል። አንደኛው ሜቴን ነው፤ እሳት ሲያገኝ ይቀጣጠላል። ሌላው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ነው፤ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተትን ኀይል አደንዝዞ የጠፋ ያስመስላል፥ ከዚያም ይገድላል። ይኸው ጋዝ በክዳኑ ሆድ ባለው እርጥበት ውስጥ ወደ አሲድ እየተለወጠ አርማታውን ከሥር ይበላዋል። ክዳን ከላይ ደኅና መስሎ ከታች የሚሳሳው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ የክዳን ሥራው ሦስት ነው፤ የሚረግጠውን ሰው መሸከም፥ ጋዙ በየስንጥቁ እንዳይወጣ ማገድ፥ የክረምቱን ጎርፍ፥ ዝንብንና ትንኝን መከልከል። ጋዙ ግን መውጫ ያሻዋል፤ እርሱም ከቤቱ ጣራ በላይ የሚዘልቀውና አፉ በወንፊት የተሸፈነው የአየር ቱቦ ነው። ክዳንን የሚደፍን ሰው ይህን ቱቦ ከቶ መድፈን አይገባውም።

ብዙ አባወራዎች ጉድጓዳቸውን የሚያስመጥጡትና ክዳኑን የሚጠግኑት ዝናሙ ካቆመ በኋላ፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። መሬቱ ደረቅ ስለሆነ አሳባቸው መልካም ነው። ነገር ግን እንደ ደብረ ብርሃን ባለ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው አገር እነዚህ ወራት የውርጭ ወራት ናቸው። ቀን ፀሐይ ታቃጥላለች፤ ሌሊት ግን ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድሪቱ ሙቀቷን ትሰጣለች፥ ሊነጋጋም ሲል ሣሩ በውርጭ ይነጣል።

ይህ ለሲሚንቶ ጠላት ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃ ጋር ተዋሕዶ እንጂ እንደ ጭቃ ደርቆ አይደለም። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀነሰ ቁጥር የሚጠነክርበት ጊዜ ሁለት እጥፍ ያህል ይረዝማል፤ ከ5 ዲግሪ በታች ሥራው እጅግ ይዘገያል። ያልጠነከረው ቡኮ የቀዘቀዘ እንደ ሆነ ደግሞ ውሃው በረዶ ሲሆን ከመቶ ዘጠኝ እጅ ያህል ስለሚሰፋ ቡኮውን ከውስጥ ይበታትነዋል፤ በኋላም ፀሐይ ብታሞቀው የቀድሞ ኀይሉ አይመለስም። የሚያታልለውም ነገር እዚህ ላይ ነው። በረዶ የያዘው ቡኮ ጧት ሲነኩት እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ከዳር ጥቂት ለብ ያለ ውሃ ሲፈስስበት ከለሰለሰ ግን በበረዶ ደርቆ ነበር እንጂ አልጠነከረም ማለት ነው፤ ተነሥቶ እንደ ገና መሠራት አለበት።

ስለዚህ ሥራው በዚህ ሥርዐት ይሁን።

አንደኛ፥ የክዳኑና የጉድጓዱ ከንፈር በብረት ብሩሽ ይጠረግ፤ አሮጌው ልስን፥ አፈሩና ቅባቱ ይነሣ። ክዳኑ የተሰነጠቀ ወይም ፌሮው የታየ እንደ ሆነ መድፈን አያድነውም፤ በአዲስ ይለወጥ።

ሁለተኛ፥ ሥራው ውርጩና ጤዛው ከረገፈ በኋላ ከጧቱ 4 ሰዓት ይጀመር፥ ቢዘገይ በቀኑ 8 ሰዓት ይፈጸም። እንዲህ ከሆነ ቡኮው ከምሽቱ ብርድ በፊት ጥቂት ሰዓት የፀሐይ ሙቀት ያገኛል።

ሦስተኛ፥ ለአንድ እጅ ሲሚንቶ ሦስት እጅ ንጹሕ አሸዋ ይለካ። ውሃው እጅ የሚታገሠው ያህል ይሙቅ፤ ቡኮው ወፈር ይበል፥ ውሃ የበዛበት በብርድ ቶሎ ይጎዳልና። የፈላ ውሃ በሲሚንቶ ላይ አይፈስስም። በረዶ እንዳይዘው ብሎ ጨው መጨመርም ክፉ ልማድ ነው፤ ጨው የአርማታውን ብረት ያዝገዋል።

አራተኛ፥ ሥራው እንዳለቀ በላስቲክ ይሸፈን፥ በላዩም ወፍራም ገለባና ጆንያ ተነጥፎ ዳሩ በድንጋይ ይያዝ። ላስቲኩ እርጥበቱን፥ ገለባው ሙቀቱን ይጠብቃል። በምሽት ውሃ አይርከፍከፍበት። ቢያንስ ሦስት ሌሊት ተሸፍኖ ይቈይ፤ ለሳምንት ያህልም ማንም አይርገጠው።

አምስተኛ፥ ለመመጠጫ የሚከፈተው ትንሹ ክዳን በሲሚንቶ ከሚታተም በጎማ ወይም ከሬንጅ በተሠራ ለስላሳ መድፈኛ ቢገጠም ይሻላል፤ ሲከፈት አይሰበርምና። ይህ መድፈኛ በብርድ ስለሚደድር ሌሊቱን ከቤት ውስጥ ይደር፤ የሚለጠፍበትም ስፍራ በደረቅ ጨርቅ ይወልወል።

ከሁሉ በላይ አንድ ነገር እናሳስባለን። ብርዱ አስቸግሮ ቡኮው እንዲደርቅ በክዳኑ አጠገብ ከሰል ማንደድ፥ ሬንጁን በእሳት ማቅለጥ ወይም ውስጡን በክብሪትና በሻማ ማየት ሰውን ያጠፋል፤ ሜቴን በዚያ አለና። ሲጋራም አይጨስ። ዕቃ ቢወድቅ ማንም አይግባ፤ ሰው ቢወድቅም ሊያወጣው ተከትሎ የሚገባ ሰው በዚያው ጋዝ ይሞታልና፥ የእሳትና የድንገተኛ አደጋ ሠራተኞች ይጠሩ።

መጣጩ መኪና ከሄደ በኋላ ክዳኑን እንዲያው ጣል አድርጎ «ነገ እንደፍነዋለን» ማለት በየቤቱ የተለመደ ነው። ያች ነገ በሥራ ብዛት ሳምንት ትሆናለች። ሥራው ለዕለቱ የማይደርስ ከሆነ አባወራው ክዳኑን በስፍራው ያስገጥም፥ ዙሪያውን በእንጨት ያሳጥር፥ ለልጆቹና ለቤቱ ሠራተኞችም አፋቸውን ከፍቶ ይንገራቸው። እማወራይቱም የእንቁላል ክርፋት የሚመስል ሽታ በግቢዋ የሰማች እንደ ሆነ ዕጣን በማጨስ አትሸፍነው፤ ክዳኑ ይመርመር።