ከሥራው ወደ ሥልጠናው፦ የሥልጠና ንድፍ ሞዴሎች በሥራ ቦታ

የሥልጠና ንድፍ ሞዴል አንድ ሥልጠና ለማንና ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ምን እንደሚይዝ፣ እንዴት እንደሚሰጥና ፍሬው በምን እንደሚለካ ደረጃ በደረጃ የሚያሳይ የአሠራር ሥርዓት ነው። በትምህርት ቤት የመጨረሻው ዳኛ ፈተና ነው፤ በሥራ ቦታ ግን ዳኛው ሥራው ራሱ ነው። ሸሚዝ የምትሰፋ ሠራተኛ ስለ ስፌት የተጠየቀችውን ሁሉ አሳምራ ብትመልስም ኮሌታው ከተጣመመ ሥልጠናው አልያዘም። በዘርፉ የሚታወቁት ሞዴሎች ስማቸውና ሥዕላቸው ቢለያይም ሁሉም ከሥራው ተነስተው ወደ ሥልጠናው ለመምጣት የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የዘርፉ ሥር የሚገኘው በዩኒቨርሲቲ ሳይሆን በመርከብ መሥሪያና በጦር መሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ በአጭር ጊዜ ብዙ መርከብ ሠሪ ባስፈለጋት ጊዜ፣ ቻርልስ አለን የተባለው የሙያ ትምህርት ባለሙያ ማዘጋጀት፣ ማቅረብ፣ ማሠራትና መፈተን የሚል ባለ አራት እርምጃ ዘዴ አስፋፋ፤ በ1919ም በመጽሐፍ አሳተመው። ሁለተኛው ጦርነት ሲመጣ ይኸው ሐሳብ ተሻሽሎ ተመለሰ። በ1940 የተቋቋመው፣ በምሕጻሩ ቲደብሊውአይ የሚባለው የመንግሥት ፕሮግራም፣ የፋብሪካ ኃላፊዎችንና ፎርማኖችን ሥራ እንዴት እንደሚያስተምሩ በ10 ሰዓት ያሠለጥን ነበር፤ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ በአምስት ክፍለ ጊዜ።

የዚህ ሥልጠና ማሳያ ዛሬም ለማንኛውም አሠልጣኝ ትምህርት ይሆናል። አሠልጣኙ አንድ ተሳታፊ ያስነሣና የመብራት ገመድ ጫፍ ላይ የሚታሰር ቋጠሮ በቃል ብቻ ይነግረዋል። ቋጠሮው ገመዱ ሲጎተት ጉተታው ሽቦው በብሎን እስከታሰረበት ድረስ እንዳይዘልቅ የሚይዝ ነው። ሰውየው ይሞክራል፤ ያቅተዋል። ለሌላው ደግሞ ቃል ሳይተነፍስ አስሮ ያሳየዋል፤ እሱም ያቅተዋል። ቀጥሎ የመጣውን ግን በሥርዓቱ ያሠለጥነዋል። ዘና እንዲል አድርጎ ስለ ሥራው የሚያውቀውን ይጠይቀዋል፤ እርምጃዎቹን አንድ በአንድ እየነገረና እያሳየ ይሠራል፤ ደግሞ እየሠራ የጥንቃቄ ነጥቦቹን ይጨምራል። ከዚያ ሠልጣኙን ራሱን ያሠራውና ለምን እንዲህ እንደሚደረግ እንዲያስረዳው ይጠይቀዋል። በመጨረሻ ለብቻው ይተወዋል፤ ሲቸገር ማንን እንደሚጠይቅ ግን ይነግረዋል፣ እየተመላለሰም ያየዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሥራው በአንዲት ወረቀት ላይ ተተንትኗል። በአንድ በኩል እርምጃዎቹ ይሰፍራሉ፤ በሌላው በኩል በየእርምጃው ሥራውን የሚያሳካው ወይም የሚያበላሸው፣ ሠራተኛውን ሊጎዳው የሚችለውና እጅን የሚያቀለው ብልሃት ይጻፋል። ብዙ ጊዜ አንድ ባለሙያ ለዓመታት የያዘውና ለማንም ያልነገረው ነገር በዚህ በሁለተኛው ዓምድ ይወጣል። የደበቀው ሰው የለም፤ እጁ ስለለመደው ራሱም አያስተውለውም። ጦርነቱ ሲያልቅ ፕሮግራሙ ከ16 ሺህ በላይ ፋብሪካዎች ደርሶ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን አስመርቆ ነበር። ከዚያ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ተዳከመ፤ በጃፓን ግን ሥር ሰደደ፣ ቶዮታም የሥራ ማስተማሪያው አደረገው፣ ካይዘን ለሚባለው የአሠራር ማሻሻያ ስልትም አንዱ ምንጭ ሆነ። በዚያው መንገድ ወደ ኢትዮጵያም ተሻግሯል፦ ከ2009 እስከ 2011 በጃፓን ድጋፍ በ30 ፋብሪካዎች የካይዘን ሙከራ ተካሂዶ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል።

የሥልጠና ንድፍ ሁለተኛው ምንጭ ሥነ ልቦና ነው። ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ በ1956 የዕውቀት ዓላማዎችን በደረጃ ከፋፈሉ። በጦርነቱ ጊዜ የአየር ኃይል ሠልጣኞችን ጉዳይ ያጠና የነበረው ሮበርት ጋኜ በ1965 የመማር ሁኔታዎችን በመጽሐፍ አወጣ፤ ትኩረት ከመሳብ ጀምሮ የተማሩትን ወደ ሌላ ሁኔታ እስከ ማሸጋገር የሚደርሱት ዘጠኙ የማስተማር ክንውኖቹም እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል። ለሥራ ቦታ ግን ከሁሉ የጠቀመው የሮበርት ሜገር ሐሳብ ነው። ሜገር በ1962 የሥልጠና ዓላማ ሦስት ነገር መያዝ አለበት አለ፦ ሠልጣኙ የሚሠራውን፣ የሚሠራበትን ሁኔታና በቂ የሚባለውን ልክ። «ስለ ሐሰተኛ ብር ኖት ግንዛቤ ማስጨበጥ» በዚህ ሚዛን ዓላማ አይሆንም። «ገንዘብ ከፋይዋ ያለ ማሽን፣ በመዳሰስና ወደ ብርሃን አንሥቶ በማየት፣ ከመቶ ኖቶች መካከል ሐሰተኞቹን አንድም ሳታስቀር ትለያለች» ግን ዓላማ ነው። ከዚህ ዓላማ ምን እንደሚሠለጠን፣ ምን ዕቃ እንደሚያስፈልግና ምን እንደሚመዘን ወዲያው ይታወቃል። በኢትዮጵያ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና የሙያ ደረጃዎችና ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ምዘና የቆሙትም በዚህ ዓይነት አስተሳሰብ ላይ ነው።

እነዚህን ክሮች አንድ ላይ የገመደው የአሜሪካ ጦር ነው። በ1975 የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ለጦሩ ያዘጋጁት ሥርዓት በአምስት ምዕራፍ የተከፈለ ሲሆን፣ ቆይቶ በምዕራፎቹ የእንግሊዝኛ ስሞች መነሻ ፊደላት አዲ የሚል ስም ወጥቶለታል፦ ትንተና፣ ንድፍ፣ ዝግጅት፣ ትግበራና ግምገማ። በ1978 የታተመው የዎልተር ዲክና የሉ ኬሪ ሞዴል ይኸንኑ በዝርዝር አብራራው።

ከአምስቱ ምዕራፎች በተግባር በብዛት የሚዘለለው የመጀመሪያው ነው። በጀት ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ሥልጠና ይታዘዛል፣ አዳራሽ ይከራያል፣ አበል ይሰላል፤ ችግሩ የዕውቀት ይሁን የሌላ ግን የሚጠይቅ አይኖርም። ሜገርና ፒተር ፓይፕ በ1970 ለዚህ ቀላል መፈተሻ አቅርበው ነበር፦ ሕይወቱ በዚህ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ቢሆን ሠራተኛው ሊሠራው ይችላል ወይ? የሚችል ከሆነ የጎደለው ሥልጠና አይደለም። ዋርድ ውስጥ ውሃ የሌላት ነርስ ስለ እጅ መታጠብ ሦስት ቀን ብትሠለጥን የምታተርፈው ነገር የለም። ቶማስ ጊልበርትም በ1978 ይህንኑ አስፍቶ፣ መረጃ፣ መሣሪያና ማበረታቻ ሳይሟሉ ሠራተኛውን ብቻ ማረም አዋጭ እንዳልሆነ ተከራክሯል። ይህ ክርክር አሁንም ያስፈልጋል፤ ያላስፈለገ ሥልጠና ከሚበላው ገንዘብ ይልቅ በሠራተኛው ላይ የሚያሳድረው መሰላቸት ይከፋል።

በአዲ ላይ የሚነሣው ዋና ወቀሳ ዘገምተኝነቱ ነው፤ ሰነዱ ተዘጋጅቶ እስኪያልቅ የሚሠለጠኑበት ሶፍትዌር ተለውጦ ይገኛል። ማይክል አለን በ2012 ያቀረበው ሳም የተባለው ሞዴል በምላሹ ገና ከጅምሩ ጥሬ ናሙና ሠርቶ፣ በጥቂት ሠልጣኞች ላይ ሞክሮ፣ ደጋግሞ ማረምን ይመክራል። ጥልቅ የሆነው ወቀሳ ግን ሌላ ነው። ሥራ ተቆራርጦ ሲሠለጠን ሠልጣኙ ቁርጥራጩን ችሎ ሙሉውን ያቅተዋል። በኔዘርላንድስ የሠራው የሩን ቫን ሜሪየንቡር በ1997 ያወጣው ሞዴል በዚህ ምክንያት ሥልጠናውን ከመጀመሪያው ቀን በሙሉ ሥራ ላይ ይገነባል፤ ከቀላሉ ተጀምሮ ይከብዳል፣ እገዛውም እየቀነሰ ይሄዳል። የአብራሪዎች የሲሙሌተር ልምምድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ አብራሪው ንግግሩን፣ መሪውንና ብልሽቱን በአንድ ጊዜ ይዞ ይለማመዳል። ዴቪድ ሜሪልም በ2002 የተለያዩ ሞዴሎችን አነጻጽሮ የጋራ መርሖቻቸውን ሲያወጣ መሃል ላይ ያስቀመጠው እውነተኛ ችግርን መፍታትን ነው።

ግምገማን በተመለከተ የሚጠቀሰው ዶናልድ ከርክፓትሪክ ነው። በ1959 እና በ1960 ባወጣቸው ጽሑፎች ሥልጠና በአራት ደረጃ እንደሚለካ አሳየ፦ የሠልጣኙ ስሜት፣ የተማረው፣ በሥራው ላይ ያመጣው ለውጥና ድርጅቱ ያገኘው ውጤት። በየአዳራሹ መዝጊያ ላይ የሚበተነው መጠይቅ የሚለካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ምሳው ጥሩ ከነበረ ነጥቡም ጥሩ ይሆናል። ሦስተኛውን ደረጃ ለማወቅ ከሳምንታት በኋላ ወደ ሥራው ቦታ ሄዶ የሠልጣኙን እጅ ማየት ግድ ነው። ቲሞቲ ቦልድዊንና ኬቪን ፎርድ በ1988 ባሳተሙት ዳሰሳ የተማሩትን ወደ ሥራ የሚያሸጋግረው ከሠልጣኙና ከንድፉ በተጨማሪ የሥራው አካባቢ፣ በተለይም የኃላፊው ድጋፍ፣ መሆኑን አመልክተዋል። ከሥልጠና የተመለሰችውን ሠራተኛ ኃላፊዋ «እዚህ እንደዚያ አንሠራም» ካላት አዲሱ አሠራር በዚያው ዕለት ይቀራል። ስለዚህ ጠንቃቃ ነዳፊ ኃላፊውን ከትንተናው ጀምሮ ያስገባዋል፤ ሠራተኛዋ ከመሄዷ በፊት ምን ይዛ እንደምትመለስ ይነጋገራሉ፣ ስትመለስም የተማረችውን የምትሞክርበት ሥራ ይጠብቃታል።