የኦምቤት ልጆች የት ገቡ?

ከመቀሌ ወጥቶ ቁሓ የደረሰ ሰው 2200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቆሟል። ዙሪያውን የሚያየው ድንጋያማ ሜዳ፣ የገብስና የስንዴ ማሳ፣ እዚህም እዚያም የባሕር ዛፍ ረድፍ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥም የተረፉ ወይራና ጥዶች ነው። ወደ ምሥራቅ ጉዞውን ከቀጠለ ደጋው ድንገት ያልቅና መሬቱ ገደል እየሆነ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። በዚያ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ የቀረው የደስአ ደን ነው።

ደስአ ከ1000 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ2700 ሜትር በላይ ይዘልቃል። ላይኛው ክፍሉ የጥድና የወይራ ነው። ወደ ታች ሲወረድ፣ ጥዱ ሳስቶ ደረቁ ቁጥቋጦ ሲበረክት፣ በዓለቱ መካከል ለቀረው ደን ባዕድ የሚመስል ዛፍ ብቅ ይላል። ግንዱ ወፍራምና ግራጫ ነው። ቅጠሉ ጠንካራና ሹል ሲሆን የሚገኘው በየቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ተሰብስቦ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛፉ ከሩቅ ሲታይ የተዘረጋ ዣንጥላ ይመስላል። ሳይንሳዊ ስሙ ድራሴና ኦምቤት ነው፤ በየግቢው የምንተክለው እጸ ጳጦስም ከዚሁ ወገን ነው። ኦምቤት የሚገኘው በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ባሉ ተራሮች ብቻ ነው፤ በግብፅ ጀበል ኤልባ፣ በሱዳን ኤርኮዊት፣ በኤርትራ፣ በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲ፣ በሶማሊያ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት ከተጋለጡ ዝርያዎች ተርታ መዝግቦታል።

የዚህ ዛፍ ዘመዶች ሩቅ ሄደዋል። አንዱ በሶኮትራ ደሴት፣ ሌላው በአትላንቲክ ውቅያኖስ በካናሪ ደሴቶች ይኖራል። ከሁሉም የሚያስገርመው ግን በፓሲፊክ መካከል፣ ከየትኛውም አህጉር ከ3600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው በሚገኙት የሃዋይ ደሴቶች የበቀሉት ስድስት ዝርያዎች ናቸው። የደሴቶቹ ነዋሪዎች ሃላፔፔ ይሏቸዋል። እነዚህ ስድስቱ ከሃዋይ ሌላ አገር የላቸውም። በደረቁ የደሴቶቹ ክፍል በጥቁር የእሳተ ገሞራ ዓለት ላይ ይቆማሉ፣ ገርጣ ያለ ቢጫ አበባቸውን ከቅጠሉ ሥር ዘለላ አድርገው ይለቃሉ፣ ከዚያም ቀያይ ፍሬ ያፈራሉ። ቀድሞ ፍሬውን በልታ ዘሩን ያን ሁሉ ባሕር ያሻገረችው ወፍ ሳትሆን አትቀርም። ከስድስቱ አንዱ፣ ኮና በተባለው ወረዳ የሚገኘው፣ በአሜሪካ የመጥፋት አደጋ ላይ ያሉ ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ የገባው በ1996 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦምቤትም ሃላፔፔም በተለመደው መንገድ ዛፎች አይደሉም። ባለአንድ ክክ ተክሎች ናቸው፤ የሥጋ ዘመዳቸው ዋንዛና ወይራ ሳይሆን ቃጫ ነው። ወይራን ብንቆርጥ በግንዱ ውስጥ ክብ ክብ የዓመት ቀለበት እናገኛለን። የኦምቤት ግንድ ግን ጭረታማና ስፖንጃማ ስለሆነ ቀለበት የለውም፤ ዕድሜው አይቆጠርም። አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት በ1799 ቴኔሪፍ ደሴት ላይ አንድ ግዙፍ የካናሪ ድራሴና አይቶ ብዙ ሺህ ዓመት የኖረ ነው ብሎ ገምቶ ነበር። ዛፉ በዐውሎ ነፋስ ወድቆ ካለቀ ወዲህ ግምቱን የሚያረጋግጥም የሚያስተባብልም ቀለበት አልተገኘም። በቱሪስት መጽሔት ላይ ስለ ድራሴና ዕድሜ የሚጻፈውን የሺህ ዓመታት ወሬ በጥርጣሬ ማንበብ የሚበጀው ለዚህ ነው።

ሳይንቲስቶች ቀለበት ቢያጡ ወደ አበባው ዞሩ። ድራሴና ከበቀለ በኋላ ለዓመታት ያለ ቅርንጫፍ ወደ ላይ ብቻ ያድጋል። የግንዱ ጫፍ አበባ ሲያወጣ እድገቱ እዚያ ላይ ያበቃል። ቀጥሎ ከዚያው ጫፍ ሥር ሁለት ወይም ከዚያ በላይ አዳዲስ ቀንበጦች ይወጣሉ፤ እነሱም በተራቸው አብበው ይከፈላሉ። ስለዚህ ከግንዱ ተነስቶ አንዱን ቅርንጫፍ እስከ ጫፉ የተከተለ ሰው፣ በየመንገዱ ያገኘው መንታ ስንት ጊዜ እንዳበበ ይነግረዋል። ሶኮትራ ላይ የሠሩ የቼክ ተመራማሪዎች የዛፎቹን ዕድሜ ለመገመት የተጠቀሙት በዚህ ዘዴ ነው። ከአንዱ መንታ እስከ ሌላው ያለው ጊዜ በዚያ ደሴት ከ15 ዓመት በላይ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ አሥር ጊዜ የተከፈለ ቅርንጫፍ የተሸከመ ዛፍ የአያት ቅድመ አያት ዘመን ያየ ነው ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ዛፍ ለዓይን አታላይ ነው። ትልልቆቹ ቶሎ ስለማይሞቱ ደኑ ያለ ይመስላል። አያት ሲያየው የነበረውን ዛፍ የልጅ ልጁም እዚያው ቆሞ ያየዋል። ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ችግኝ የሚፈልግ ግን ያጣል። በሱዳን፣ በግብፅና በሶኮትራ ተደጋግሞ የታየው ችግር ይኸው ነው፤ ሽማግሌ ዛፎች አሉ፣ ወጣቶቹ የሉም። ምክንያቱን ለመገመት ብዙ ሳይንስ አያስፈልግም። ሶኮትራ ላይ በፍየል የማይደረስበት ገደል አፋፍ ላይ ወጣት ዛፍ ይገኛል፣ ፍየል በሚውልበት ሜዳ ላይ አይገኝም።

ሁለተኛው ምክንያት ውሃ ነው። ኦምቤት የሚኖርባቸው ተራሮች ካርታ ላይ ደሴት ባይባሉም በተግባር ደሴቶች ናቸው። ዙሪያቸው በረሃ ነው። ከቀይ ባሕር የሚነሳው እርጥበት ተራራውን ሲመታ ጉም ይሆናል፤ ያ ጉም የሚያርፍበት መቀነት ለምልሞ ከሥሩም ከላዩም ደርቆ ይቀራል። ኤርኮዊትና ጀበል ኤልባ የታወቁ የጉም ተራሮች ናቸው። ሹሉ ቅጠል ጉሙን ይይዛል፣ ጠብታው በቅጠሉ ወርዶ ወደ ግንዱና ወደ ሥሩ ይሄዳል። አየሩ ሲሞቅ የጉሙ መቀነት ወደ ላይ ይሸሻል፤ ዛፉ ግን እግር የለውም። በ2007 ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት በ2080 ለሶኮትራው ድራሴና የሚመች መሬት በ45 በመቶ እንደሚቀንስ ተንብዮ ነበር። ትንበያው ከወጣ ብዙ ዓመት ሳይቆጠር በኅዳር 2015 በሳምንት ልዩነት የደረሱት ቻፓላና ሜግ የተባሉ ሁለት ዐውሎ ነፋሶች በሺህ የሚቆጠሩ ዛፎችን ነቅለው ጣሉ።

በደስአም መድረቁ ታይቷል። ኤርሚያስ አይነኩሉና ባልደረቦቹ በ2011 ባሳተሙት ጥናት የጥድና የወይራው ጅምላ መድረቅ ወደ ዝቅተኛው ከፍታ በተወረደ ቁጥር እንደሚብስ አሳይተዋል። ጥድና ወይራ ወደ ላይ ሲያፈገፍጉ ከእነሱ በታች ያለው ኦምቤት የሚተርፈው ማን ጠብቆት ነው? በዚያ ላይ ቅጠሉ ጠንካራ ጭረት ስላለው ለገመድና ለምንጣፍ ይፈለጋል። ቅጠል በየቅርንጫፉ ጫፍ ብቻ ላለው ዛፍ ደግሞ ያ ጫፍ ተቆረጠ ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? የመጀመሪያው መልስ በሁሉም ሰው አፍ ላይ ያለ ነው፤ አጥር። እዚህ ላይ ነው የሃዋይ ታሪክ የሚጠቅመን።

የሃዋይ ዕፅዋት ለሚሊዮን ዓመታት ሣርና ቅጠል የሚግጥ አጥቢ እንስሳ አያውቁም ነበር። ከዚህ የተነሣ በሌላ አገር እሾህ ያላቸው የቤሪ ዝርያዎች እዚያ እሾሃቸውን ትተዋል። ጠላት በሌለበት መሣሪያ መሸከም ለተክልም ብክነት ነው። ካፒቴን ኩክ በ1778 ፍየሎች ጥሎ ሄደ። ጆርጅ ቫንኩቨር በ1793 ላሞችና በሬ አመጣ፤ ንጉሥ ካሜሃሜሃም ከብቶቹ እንዲረቡ በማለት ማንም እንዳይገድላቸው ከለከለ። ከብቶቹ በአጭር ጊዜ ጫካውን ሞሉት። ከዚያ በኋላ የደሴቶቹ ደረቅ ደን አብዛኛው አለቀ።

በ1956 በኮና ወረዳ ካኡፑሌሁ በተባለ ቦታ ወደ ሁለት ሄክታር ተኩል የሚጠጋ የደን ቁራጭ ታጠረ። ሃሳቡ ትክክል ነበር፤ ከብት ካልገባ ችግኝ ይበቅላል። አርባ ዓመት ያህል ተጠበቀ። በመጨረሻ ሲቆጠር ከአጥሩ ውስጥ ትልልቆቹን የሚተኩ ወጣት አገር በቀል ዛፎች አልነበሩም ማለት ይቻላል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲፈትሹ ሁለት ነገር አገኙ። አንደኛው አይጥ ነው፤ የወደቀውን ዘር አንድ በአንድ ይፈልጋል። ሁለተኛው ሣር ነው። ከብቱ ሲወጣ የሚግጠው ያጣው ሣር መሬቱን እንደ ልቡ ሸፍኖ፣ ለችግኝ የሚሆነውን ውሃና ብርሃን ወስዶ፣ በደረቅ ወራት ደግሞ ማገዶ ሆኖ ይጠብቃል። እሳት ሲነሳ ሣሩ ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ዛፉ አይመለስም። ሣሩ ሲነቀልና አይጡ ሲቀነስ ነው የአገር በቀሎቹ ችግኝ ብቅ ማለት የጀመረው።

ሣሩ ከየት መጣ? ከእኛው አካባቢ። ላባ የመሰለ ለስላሳ ራስ ያለው፣ ሳይንሱ ሴንክረስ ሴታሲየስ የሚለው የሰሜንና የምሥራቅ አፍሪካ ሣር ነው፤ ኢትዮጵያም አገሩ ናት። ወደ ሃዋይ የተወሰደው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለአበባ ማሳመሪያ ነበር። እዚህ በገመገም ላይ ከብዙዎቹ አንዱ የሆነ ሣር፣ እዚያ ደን አቃጣይ ሆነ። ያው ሣር ነው፤ ጎረቤቶቹ ግን ሌላ ናቸው።

ትግራይ ውስጥ የአጥሩ ታሪክ የተለየ መልክ አለው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ሕዝቡ ሕዛእቲ በሚለው ስም ተራሮች ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ ሲደረጉ፣ ብዙ ቦታ ችግኝ ሳይተከልበት ቁጥቋጦው፣ ከዚያም ዛፉ ተመልሷል። ክልሉ በዚህ ሥራ በ2017 ከወርልድ ፊውቸር ካውንስል የወርቅ ሽልማት አግኝቷል። ለምን እዚህ ሠራ? ቤልጂየማዊው ራፍ አርትስ ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ጋር በ2000ዎቹ ያደረጋቸው ጥናቶች ጥሩ ፍንጭ ይሰጣሉ። የወይራ ችግኝ በግላጭ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ በደደሆ ቁጥቋጦ ጥላ ሥር ግን ይጸናል። ዘሩን እዚያ የሚያደርሱት ወፎች ናቸው። ፍሬውን ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ደን በልተው በደደሆው ላይ ሲያርፉ ይጥሉታል። ማለትም አጥሩ ፍየሉን ብቻ ነው የከለከለው፤ የቀረውን ሥራ ወፏና ቁጥቋጦው ሠሩት። እነዚህን የሚያስተሳስረው ገመድ ሳይበጠስ ስለ ቆየ አጥር በቂ ሆነ። በሃዋይ ብዙዎቹ ፍሬ በል ወፎች ጠፍተዋል፣ ገመዱም ተበጥሷል።

ኦምቤት በየትኛው ወገን ይመደባል? እንደ እኔ ግምት በመካከል ነው። ሣሩ አገር በቀል ስለሆነ እንደ ካኡፑሌሁ ደኑን የሚውጥ አይመስለኝም። ወፎቹም አሉ። ነገር ግን ደደሆ ለወይራ የሚሰጠውን ዓይነት ጥላ የዓለት ገደል ላይ ላለ የድራሴና ችግኝ ማን ይሰጠዋል የሚለው መፈተሽ አለበት። ሌላው የጊዜ ጉዳይ ነው። ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት መብራትና ጋዝ ሲጠፋ ሕዝቡ ከሰልና ማገዶ ፍለጋ ወደ ተከለሉት ተራሮች መግባቱ ግድ ነበር። ያ የሆነው ሠላሳ ዓመት በተጠበቀ መሬት ላይ ነው። ቁጥቋጦ ከእንዲህ ያለ ጉዳት በአምስት ዓመት ሊያገግም ይችላል።

ኦምቤት ግን በአምስት ዓመት የትም አይደርስም። የድራሴና ችግኝ በችግኝ ጣቢያ ውስጥ ተንከባክበውት እንኳ ለዓመታት ጥቂት ቅጠል ይዞ መሬት ላይ የሚቆይ ነው። ቁመቱ ከፍየል አፍ በላይ እስኪሆን ድረስ፣ ያም ማለት አንድ ትውልድ ለሚጠጋ ጊዜ፣ እዚያው መታጠር አለበት። ለደን ልማት የሚመደበው በጀት አብዛኛውን ጊዜ ለሦስት ወይም ለአምስት ዓመት ነው፤ ሪፖርቱም የሚቆጥረው የተተከለውን ችግኝ ነው። በደስአ ላይ ለኦምቤት ተብሎ የሚታጠር ነገር ካለ ሪፖርቱ በየአሥር ዓመቱ ከትልልቆቹ ሥር የተገኘውን የወጣት ቁጥር ቢጽፍ ይሻላል። ያን ቁጥር ለመጻፍ የሚያስፈልገው መሣሪያ ደግሞ ሜትርና ደብተር ብቻ ነው፤ ደስአም ከቁሓ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም።