አንድሮሜዳን ማን አነጣት?

ይህን፣ የሕትመት ሥዕል ወዳጆች እርስ በርሳችን እናወራዋለን እንጂ ከሥዕሉ ጎን በሚለጠፍ መግለጫ ላይ እምብዛም አታገኙትም። በባሮክ ዘመን ሕትመቶች ላይ ከዐለት ጋር ታስራ የምትታየው፣ ፔርሴውስ ከባሕር አውሬ አድኖ የሚያገባት አንድሮሜዳ፣ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌውስ ልጅ ናት። (የግሪኮቹ ኢትዮጵያ ከዛሬዋ ጋር ልክ ለልክ እንደማትገጥም አውቃለሁ፤ ታሪኩን ወደ ኢዮጴ ጠረፍ የሚወስዱትም አሉ።) በሕትመቶቹ ላይ ግን እንደ ወረቀቱ ነጭ ናት።

ሠዓሊዎቹ አላወቁም አይባልም። ሁሉም የሚያነቡት ሮማዊው ገጣሚ ኦቪድ በአንድ ሥራው ጠይም መሆኗን በግልጽ ጽፏል፤ በሌላው ፔርሴውስ መጀመሪያ ሲያያት የእብነ በረድ ሐውልት ትመስለዋለች። የሥዕል ቤቶቹ እብነ በረዱን መረጡ። ስፔናዊው ሠዓሊ ፓቼኮ እ.ኤ.አ. በ1649 በወጣው መጽሐፉ፣ ጸሐፍት ጥቁር ናት እያሉ ሠዓሊዎች ለምን ነጭ እንደሚያደርጓት ጠይቋል።

ሕትመቱ የሚቀረጽበት የመዳብ ሰሌዳም አላስቸገራቸውም። ቀራጩ ነጭ ገላ ሲፈልግ ሰሌዳውን ብዙም አይነካውም፤ ጠይም ሲፈልግ መስመር በመስመር ላይ እያቆራረጠ ቀለም የሚይዝ ጥልፍልፍ ይሠራል። ድካም አለው፤ ሆኖም የሕትመት ሠዓሊው ሆላር በ1645 የጥቁር ሴትን ፊት በመርፌና በአሲድ መዳብ ላይ ሲያወጣ ያሳየው ስስነት እስካሁን ያስደንቀኛል። የእጅ ጥበቡ ነበራቸው ማለት ነው። እኔ የማምነው ይህን ነው፦ ቀራጩ ከፊቱ የሚያስቀምጠው መጽሐፉን ሳይሆን የቀደመውን ሰው ሕትመት ነበር። የቀራጩ የጎልትዚውስ የ1583ቷ አንድሮሜዳ ነጭ ናት፤ ከእሷ በኋላ የመጡትም እንዲሁ።

አንድ መጽሐፍ ግን ከዚህ ሰልፍ ይወጣል። በ1655 ፓሪስ ላይ የታተመው የሚሼል ደ ማሮል «የሙዛት ቤተ መቅደስ» ውስጥ፣ ሠዓሊው ዲፐንቤክ የነደፋት አንድሮሜዳ ቆዳዋ ጥቁር ነው። የፊቷ ቅርጽ አውሮፓዊ እንደሆነ ቀርቷል፤ ይህ ያሳዝነኛል። ቢሆንም ፔርሴውስ የሚወድዳት ሴት በዚያች ገጽ ላይ የአባቷን አገር መልክ ይዛለች።

ማሮል ራሱ ሕትመት የሚሰበስብ ቄስ ነበር፤ በ1667 ከ120 ሺህ በላይ ሕትመቶች ለፈረንሳይ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ሸጧል፤ የፓሪሱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የሕትመት ክፍል የተመሠረተው በእነሱ ላይ ነው። የድሮ መጻሕፍት የሚያስነብብ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት የሚደርስ ሰው መጽሐፉን በማሮል ስም ይጠይቅ፤ እንዲህ ያለው መጽሐፍ ካልጠየቁት ከመደርደሪያው አይወርድም።